የማን በደል፣ የማን ይቅርታ

የውጭ ወራሪ ሲሸነፍ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ በእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው ወገን ግን መሄጃ ስለሌለው ከአሸናፊው ጋር በአንድ ሕግ፣ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ የጸሎት ቤት አብሮ ለመኖር ይገደዳል። ከእንዲህ ያለ ጦርነት በኋላ ሀገርን መልሶ ለማቆም የሚነደፍ ዕቅድ ሁሉ፣ ነዳፊዎቹ ቢያስቡትም ባያስቡትም፣ ስለ በደል፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ካሳና ስለ ይቅርታ አንድ ዓይነት ትምህርት በውስጡ ይዞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ማን ምክር ቤት ይግባ፣ ማን ድምፅ ይስጥ፣ ጌታው ጥሎት የሸሸው እርሻ ለማን ይሁን የሚሉት የአስተዳደር ጥያቄዎች ሲመረመሩ ከሥራቸው ማን ማንን በደለ፣ ይቅር የማለትስ ሥልጣን የማን ነው የሚል ሌላ ጥያቄ ይገኛል።

የዩናይትድ ስቴትስ የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል። በኤፕሪል 1861 የተጀመረው ጦርነት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአራት ዓመት በኋላ ሲያበቃ ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች አልቀው፣ ተገንጥለው የነበሩት 11 የደቡብ ግዛቶች ተሸንፈውና አራት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከባርነት ወጥተው ነበር። ከዚያ እስከ 1877 ያለው ጊዜ የመልሶ ግንባታ ዘመን በመባል ይታወቃል። የዘመኑን ታሪክ የሚተርኩ ብዙ መጻሕፍት ነገሩን የምሕረትና የቅጣት ክርክር አድርገው ያቀርቡታል፤ በአንድ በኩል ሩኅሩኁ ፕሬዚዳንት ሊንከን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጥርሱን የነከሰው የሪፐብሊካን ምክር ቤት ይቆማሉ። ይህ አቀራረብ ሐሰት ነው ባይባልም ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ተከራካሪዎቹ ለደቡቡ ዐመፀኛ ምን ያህል ምሕረት ይገባዋል በሚለው ላይ ሲለያዩ፣ ምሕረቱን የማድረግ ሥልጣን የራሳቸው ስለመሆኑ ግን አብዛኞቹ አልተጠራጠሩም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መንግሥት በአዋጅ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከክስና ከቅጣት ነጻ የሚያደርግበት ውሳኔ ምሕረት፣ አንድን ሰው በማመልከቻው መነሻ በስሙ ከቅጣት የሚያድንበት ውሳኔ ደግሞ በሕግ አነጋገር ይቅርታ ይባላል፤ ሁለቱም የመንግሥት ሥራዎች ናቸው። የተበደለ ሰው የበደለውን የሚተውበት ይቅርታ ግን በስም ቢገናኝም በባሕርዩ ሌላ ነው፤ ሥልጣኑም በተበዳዩ እንጂ በሹሙ እጅ አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር ሜታፊዚክስ ንጉሥ ይቅር ሊል የሚችለው በራሱ ላይ የተፈጸመውን በደል ብቻ እንደሆነ፣ ተገዢዎቹ እርስ በርሳቸው የሠሩትን ወንጀል ያለ ቅጣት ቢያልፍ ግን ተበዳዩን ዳግመኛ እንደሚበድል አስተምሯል። ከእርሱ እጅግ ቀድሞ፣ የአይሁድ ሊቃውንት የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና የስርየት ቀን በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን ኃጢአት እንደሚያስተሰርይ፣ በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ እንደማያስተሰርይ ደንግጓል። የማቴዎስ ወንጌልም መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ቢያስታውስ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዝዛል፤ በሉቃስ ወንጌል የሚገኘው ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ ንስሐውን የገለጠው በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል በመግባት ነው። እነዚህ ምንጮች በዘመንም በሃይማኖትም ቢራራቁ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ተበዳዩ በሌለበት የሚደረግ ዕርቅ ጎዶሎ ነው።

አብርሃም ሊንከን ዲሴምበር 8 ቀን 1863፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ያወጣው የምሕረትና የመልሶ ግንባታ አዋጅ በተለምዶ የአሥር በመቶ ዕቅድ ይባላል። በዚህ መሠረት በአንድ ዐመፀኛ ግዛት በ1860 ምርጫ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች አንድ አሥረኛው ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ለመሆንና ባርነትን የሚመለከቱትን አዋጆች ለማክበር ከማሉ አዲስ የግዛት መንግሥት ማቆም ይችሉ ነበር፤ የዐመፁ ከፍተኛ ሹማምንትና የተማረኩ ጥቁር ወታደሮችን ከሕግ ውጭ ያንገላቱ ሰዎች ግን በምሕረቱ አልታቀፉም። ዕቅዱ በአመዛኙ የጦር ስልት እንደነበረ መዘንጋት አይገባም፤ በጠላት ጎራ ያለውን ወላዋይ ወደ ራስ ለመሳብ የተከፈተ በር ነበር። የኦሃዮው ሴናተር ቤንጃሚን ዌድና የሜሪላንዱ እንደራሴ ሄንሪ ዊንተር ዴቪስ ይህን በር ከልክ በላይ ሰፊ አድርገው ስላዩት በጁላይ 1864 በስማቸው የሚጠራውን ረቂቅ ሕግ በምክር ቤቱ አሳለፉ። ረቂቁ ከነጭ ወንዶች ግማሽ በላይ የሚሆኑት ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ የሚያዝ ሲሆን፣ አዲሱን የግዛት ሕገ መንግሥት ለሚያረቅቀው ጉባኤ መምረጥ የሚችሉት ደግሞ በፈቃዳቸው ዐመፁን ከቶ አልደገፍንም ብለው የሚምሉ ብቻ እንዲሆኑ ይደነግግ ነበር። ሊንከን ሳይፈርምበት የምክር ቤቱ ጊዜ እንዲያልፍ በማድረግ ረቂቁን ቀበረው።

በሁለቱ መሐላዎች መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ከሚቆጠረው ይልቅ የጠለቀ ነው። የሊንከን መሐላ ወደ ፊት ይመለከታል፤ የማለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደሚሆን እንጂ ትናንት ምን እንደነበረ አይጠይቅም። የምክር ቤቱ መሐላ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ የበደለ ሰው በመጸጸቱ ሊያልፈው አይችልም፤ ያልበደለ ብቻ ያልፈዋል። ሊንከን ራሱ በፌብሩዋሪ 1864 ለጦር ሚኒስትሩ ለኤድዊን ስታንተን በጻፈው ማስታወሻ፣ ሰው አልበደልሁም ብሎ እንዲምል የሚያስገድድ መሐላ በንስሐ ላይ የቆመውን የክርስትና ይቅርታ እንደሚሽር፣ ሰውየው ከእንግዲህ ባይበድል በቂ እንደሆነ ገልጿል። ሐሳቡ ለማንም ክርስቲያን ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ነገር ግን ንስሐ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ኑዛዜና ቀኖና እንዳለው፣ ወደ ፊት አልበድልም ማለት ብቻ እንዳልሆነ ማንም ካህን ያውቃል። ሁለቱም ዕቅዶች ደግሞ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው፤ መሐላውን የሚምለውም፣ ድምፁን የሚሰጠውም፣ አዲሱን መንግሥት የሚያቆመውም ነጭ ነበር። በባርነት የኖረው ሰው የክርክሩ ርእስ እንጂ ተከራካሪ አልነበረም።

ሊንከን ማርች 4 ቀን 1865 ሁለተኛ የሥልጣን ዘመኑን ሲጀምር ያደረገው ንግግር ከሌሎቹ ሁሉ የላቀበት ነገር አለ። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ፣ ወደ አንድ አምላክ እየጸለዩ፣ አንዱ በሌላው ላይ የአምላክን ርዳታ ይለምኑ እንደነበር አስታውሶ፣ ጦርነቱ ባርነት ላመጣው ዕዳ በሰሜኑም በደቡቡም ላይ የወረደ መለኮታዊ ቅጣት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ በማንም ላይ ቂም ሳይያዝ የሀገሪቱ ቁስል እንዲታሰር የጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። አሸናፊ መሪ በድል ዋዜማ የራሱን ወገን ከበደለኞች ጋር መቁጠሩ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያው ንግግር ያለ ደመወዝ በተሠራ የ250 ዓመት ጉልበት የተከማቸውን ሀብት ያነሣው ሊንከን፣ ሀብቱ ለሠሩት ሰዎች ስለሚመለስበት መንገድ የተናገረው የለም። የዘመኑ ልማድ እንዲያውም በተቃራኒው ነበር፤ በኤፕሪል 1862 በዋሽንግተን ከተማ ባርነት ሲሻር በሕጉ መሠረት ነጻ በወጣው ሰው ብዛት በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር ካሳ እንዲከፈላቸው የተወሰነው ለጌቶቹ ነው፤ ለተበዳዮቹ የተመደበ ገንዘብ ቢኖር ከሀገር ለመውጣት የሚፈቅድ ካለ እስከ 100 ዶላር የሚሰጠው ነበር።

በኤፕሪል 14 ቀን 1865፣ በስቅለት ዕለት ዐርብ፣ ሊንከን ተተኩሶበት በማግሥቱ ሲሞት ሥልጣኑ በምክትሉ በአንድሩ ጆንሰን እጅ ገባ። ጆንሰን በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በድህነት ያደገ፣ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ባለርስቶችን የሚጠላ ሰው ስለነበር ብዙዎች ከሊንከን ይልቅ ይከፋል ብለው ጠብቀው ነበር። ሜይ 29 ቀን 1865 ያወጣው አዋጅም መጀመሪያ ሲታይ ይህን የሚደግፍ ይመስል ነበር፤ ለአብዛኛው ዐመፀኛ ምሕረት ሲያደርግ 14 ዓይነት ሰዎችን ለይቶ ያስቀረ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ግብር የሚከፈልበት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ሀብት ያላቸው ዐመፀኞች ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ይቅርታ የሚያገኙት እያንዳንዳቸው ለፕሬዚዳንቱ ሲያመለክቱ ነበር። የትናንቶቹ ጌቶች በዋይት ሀውስ ደጅ እየጠኑ በቀድሞው ልብስ ሰፊ ፊት ለመቆም ተገደዱ፤ ጆንሰንም በሺህ ለሚቆጠሩት ይቅርታውን ፈረመላቸው። የፈለገው መንበርከካቸውን እንጂ መለወጣቸውን ስላልነበረ፣ ሲንበረከኩለት ቂሙ በረደ። ይህ ግን በአንድ ሰው ክብርና ኩራት ተወስኖ የሚቀር ጉዳይ አልነበረም፤ ይቅርታው ከሰዎች በስተቀር ንብረትን ሁሉ የሚያስመልስ በመሆኑ ፊርማው በወረቀት ላይ ሲያርፍ በሌላ ቦታ ከእርሻው የሚነቀል ሰው ነበር።

ሰውየው እዚያ እርሻ ላይ እንዴት እንደተገኘ ለመረዳት ጥቂት ወራት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ጄኔራል ዊልያም ሸርማንና ሚኒስትር ስታንተን በጆርጂያዋ የሳቫና ከተማ 20 የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችን ሰብስበው ስለ ወገናችሁ ምን ይሻላል ብለው ጠየቋቸው። ቃል አቀባይ ሆኖ የተመረጠው የ67 ዓመቱ የባፕቲስት አገልጋይ ጋሪሰን ፍሬዚየር ነበር፤ ይህ ሰው በ1857 የራሱንና የሚስቱን ነጻነት በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር የገዛ ነው። በጽሑፍ በተያዘው ጥያቄና መልስ ባርነትን የሌላውን ሰው ድካም ያለ ፈቃዱ በኃይል መውሰድ ብሎ ሲተረጉመው፣ ነጻነትን ደግሞ የገዛ ድካምን ፍሬ ማጨድ ከሚቻልበት ስፍራ መድረስ አድርጎ ገለጸው፤ ለዚህም የሚሻለው መሬት ማግኘትና በራስ ጉልበት ማረስ መሆኑን፣ ውሎ አድሮም መሬቱን ገዝቶ የራስ ማድረግ እንደሆነ አስረዳ። በዘመኑ ከቀረቡት ዕቅዶች ሁሉ በአጭሩ የተነገረውና በተበዳዮቹ አንደበት የቀረበው ይህ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን ባወጣው ልዩ የጦር ሜዳ ትእዛዝ ቁጥር 15 ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉት ደሴቶችና ጌቶቻቸው ጥለዋቸው የሸሹት የባሕር ዳር የሩዝ እርሻዎች ለነጻ ወጪዎቹ እንዲከፋፈሉ ታዘዘ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰው ከ40 ኤከር የማይበልጥ፣ በሀገራችን አለካክ ከግማሽ ጋሻ ያነሰ መሬት ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ 40 ሺህ ያህል ሰዎች 400 ሺህ ኤከር ገደማ ይዘው ያርሱ ነበር።

የጆንሰን ይቅርታ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የተጋጨው በኦክቶበር 1865 በሳውዝ ካሮላይና በምትገኘው ኤዲስቶ ደሴት ነው። ነጻ የወጡትን ሰዎች ጉዳይ እንዲመራ የተቋቋመው ቢሮ ኃላፊ የነበረው ጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ በሃይማኖተኛነቱ የታወቀ፣ ቀኝ እጁን በጦርነቱ ያጣ ሰው ነበር። መሬቱ ለይቅርታ ተቀባዮቹ ባለርስቶች እንዲመለስ ፕሬዚዳንቱ ስላዘዘው መርዶውን ራሱ ሊነግራቸው ወደ ደሴቲቱ ሄዶ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመ። ነገሩን እንደ ሰሙ ጉርምርምታው ቤቱን ሞላው፤ ጄኔራሉ ቃል አጥቶ ሲቆም ከሰገነቱ አንዲት ሴት የኀዘን መዝሙር አነሣች፤ ሕዝቡም ተቀበላት። ሃዋርድ የቀድሞ ጌቶቻቸውን ይቅር እንዲሉ፣ ከእነርሱም ጋር የሥራ ውል እንዲዋዋሉ መከራቸው። እነርሱም ሦስት ሰዎችን የያዘ ኮሚቴ መርጠው ለእርሱና ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ።

ለሃዋርድ የጻፉት ደብዳቤ ስለ ይቅርታ ከተጻፉት የፍልስፍና ድርሳናት ጎን ለመቀመጥ የሚበቃ ነው። የሐሳቡ ፍሬ እንዲህ ነበር፦ ጄኔራሉ ባለርስቶቹን ይቅር በሉ ይላል፤ እርሱ በጦርነቱ ያጣው ቀኝ እጁን ብቻ ስለሆነ ይቅር ሊላቸው ይችል ይሆናል፤ እኔን ግን ከዛፍ አስሮ 39 ጊዜ የገረፈኝን፣ እናቴንና እኅቴን ገፎ የገረፈውን፣ ዛሬም እርሻውን ካላረስሁለትና በዋጋው ካልተስማማሁ በባዶ ጎጆው እንኳ የማያሳድረኝን፣ መሬት እንዳላገኝም ከመሰሎቹ ጋር የሚዶልተውን ሰው ይቅር ለማለት ያስቸግረኛል። ጸሐፊዎቹ በዚህ አላበቁም፤ ረዳት የለሽ አድርጎ ሊያስቀረኝ እንዲህ የሚደክመው ሰው እርሱስ እኔን ይቅር ያለኝ ይመስላልን ብለው ጠየቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው የአማርኛ ተረት የሚያውቀው የተወጋውን ትዝታ ብቻ ነው፤ የኤዲስቶ ሰዎች ያዩት የወጋውም እንዳልረሳ፣ ነጻ መውጣታቸውን እንደ በደል ቆጥሮ እንደቂመባቸው ነው። ለፕሬዚዳንቱ በጻፉት ላይ ደግሞ መሬቱን በነጻ እንዲሰጣቸው አልለመኑም፤ መንግሥት ዋጋውን ሲጠይቃቸው ለመክፈል ዝግጁ መሆናቸውን ገለጹ። መልሱ ያው ነበር፤ ከጥቂቶቹ በቀር መሬቱን ለቀቁ።

የካንት ልዩነት እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል። መንግሥት ባንዲራው ላይ የተኮሱበትን ሰዎች፣ የከዱትን መኮንኖች፣ የሸሹትን ሴናተሮች ይቅር ሊል ይችላል፤ በደሉ በእርሱ ላይ የተፈጸመ ነውና። ዩናይትድ ስቴትስ ይህን በስፋት አድርጋዋለች። የዐመፁ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ ሁለት ዓመት ታስሮ በ1867 በዋስ ሲለቀቅ ከዋሶቹ አንዱ ጌሪት ስሚዝ የተባለው ስመ ጥር የባርነት ተቃዋሚ ነበር፤ ዴቪስም ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ። የሰሜኑ ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በአፖማቶክስ የደቡቡን ጄኔራል የሮበርት ሊን ጦር ሲያስገብር ወታደሮቹ ፈረስና በቅሏቸውን ለበልግ እርሻ ይዘው እንዲሄዱ ፈቀደ፤ በኋላም ሊ በአገር ክሕደት እንዳይከሰስ ተሟገተ። ይህ ዓይነቱ ምሕረት በጫካ ሊቀጥል ይችል የነበረውን ጦርነት ያስቀረ ስለሆነ መወቀስ የሚገባው አይደለም፤ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስቅላትን ያላበዛ መንግሥት ሊመሰገን ይገባዋል። በዛፍ ላይ የታሰረው ሰው ግርፋት ግን በመንግሥቱ ጀርባ ላይ አላረፈም፤ ጆንሰን ይቅርታውን ሲፈርም የራሱ ያልሆነውን ቂም ሽሮ፣ ዋጋውን ደግሞ በቂመኛው መሬት ከፈለ።

ለጆንሰን ወገን የሚነገር ክርክር የለም ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በክሕደት የተፈረደበት ሰው ንብረት ከእርሱ ዕድሜ በላይ እንዳይወረስ ይከለክላል፤ ሊንከንም በ1862 የንብረት መውረሻውን ሕግ ሲፈርም ይህ ገደብ እንዲከበር አጥብቆ ጠይቆ ነበር። ከሕጉ በላይ የሚሄድ መንግሥት ዛሬ የባለርስቱን፣ ነገ የድሃውን መሬት ይወስዳል የሚለው ሥጋት ከባድ ነው። ነገር ግን ይህን የንብረት ቅድስና የሚሰብኩት ሰዎች የሰውን ልጅ ራሱን ለ250 ዓመት እንደ ንብረት የያዙና ያስያዙ ስለነበሩ፣ ደሴቶቹም የተመነጠሩት በተገረፉት ሰዎች ጉልበት ስለነበር፣ የባለቤትነቱ ማስረጃ ከሳቫናው ትርጉም ጋር ሲነጻጸር ሚዛን አያነሣም። ፍሬዚየር ባርነትን ስርቆት ካደረገው፣ የተሰረቀውን ለባለቤቱ መመለስ መውረስ ሊባል አይችልም።

በዚህ ጊዜ በምክር ቤቱ ውስጥ የተገነጠሉት ግዛቶች ሁኔታ ምንድን ነው በሚል አንድ ረቂቅ ክርክር ይካሄድ ነበር። ጆንሰን ግዛቶቹ ከኅብረቱ ከቶ አልወጡም፣ መውጣትም አይችሉም ሲል፣ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር በመገንጠላቸው እንደ ግዛት ራሳቸውን ገድለዋል ይል ነበር፤ የፔንሲልቬኒያው እንደራሴ ታዴየስ ስቲቨንስ ደግሞ በጦር የተያዙ ጠቅላይ ግዛቶች ናቸውና አሸናፊው እንደፈለገ ሊያደርጋቸው ይችላል ባይ ነበር። ሊንከን ከመሞቱ በፊት በመጨረሻው ንግግሩ ይህን ክርክር ጎጂ ፍልስፍና ብሎ አጣጥሎት ነበር፤ በዚህ አልተሳሳተም።

ስቲቨንስ ግን ከዚህ ክርክር በላይ ስለ መሬት ባቀረበው ዕቅድ ሊታወስ ይገባዋል። በሴፕቴምበር 1865 በላንካስተር ከተማ ባደረገው ንግግር 70 ሺህ የማይሞሉ ታላላቅ ዐመፀኞች የያዙት መሬት እንዲወረስ፣ ለእያንዳንዱ ነጻ የወጣ ጎልማሳ 40 ኤከር እንዲሰጥ፣ የቀረው ተሸጦ ለጡረታና ለሀገሪቱ ዕዳ እንዲውል ጠየቀ። ስሌቱ ሲታይ ከሚወረሰው መሬት አብዛኛው የሚሄደው ወደ ግምጃ ቤቱ ስለሆነ፣ ካሳና የጦር ምርኮ በአንድ ከረጢት ተደባልቀው እንደነበር መካድ አይቻልም። ስቲቨንስ በቀልና ፍትሕን አልለየም የሚሉት ተቺዎቹ መነሻቸው ይህ ነው። ያም ሆኖ ነጻነት ያለ መሬት ባዶ እንደሆነ ከኤዲስቶ ሰዎች እኩል የተረዳው የምክር ቤት አባል እርሱ ነበር። በማርች 1867 ያቀረበው የመሬት ረቂቅ ሕግ ድጋፍ አጥቶ ወደቀ፤ ባልደረቦቹ ድምፅ መስጠትን ለጥቁሮች ሊፈቅዱ ሲዘጋጁ የነጭን መሬት ለመንካት ግን አልደፈሩም።

ምክር ቤቱ በመጨረሻ ያጸናው ዕቅድ በሌላ መልኩ ትልቅ ነበር። ሚሲሲፒና ሳውዝ ካሮላይና በ1865 መጨረሻ ባወጧቸው ጥቁር ሕጎች፣ ማለትም ነጻ የወጣውን ሰው በቅጥር ውልና በቅጣት ወደ ቀድሞ ጌታው ለመመለስ በተሠሩ ደንቦች ተቆጥቶ፣ በ1867 ከ11ዱ ግዛቶች ዐሥሩን በአምስት ወታደራዊ ክልሎች ከፈለ፤ ዜግነትንና የሕግ እኩልነትን በ14ኛው፣ የመምረጥ መብትን በ15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸና። በ1870 የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው ሃይራም ሬቭልስ ከሚሲሲፒ ተወክሎ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆነ፤ በደቡብም የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዓት ተስፋፋ። ድምፅ የሰጠው ሰው ግን በማግሥቱ የሚያርሰው የቀድሞ ጌታውን መሬት ነበር። የእኩል አራሽነት ሥርዓት፣ የመሬት ባለቤቱ ሰብሉን የሚካፈልበትና ገበሬው ለዘርና ለቀለብ በብድር የሚታሰርበት ማለት ነው፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም፤ በባለርስቱ ደጅ የሚያድር ሰው በባለርስቱ ላይ ድምፅ መስጠት ምን እንደሚያስከፍለው የጭሰኝነትን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል። ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የሽብር ማኅበር የቀረውን ሠራ። በ1877 በፓርቲዎቹ ስምምነት የፌደራሉ ጦር የደቡብን መንግሥታት መጠበቁን ሲተው የመልሶ ግንባታው ዘመን አበቃ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕርቅ በሁለት ነጮች መካከል የተደረገ ነበር። በሽምግልና ወግ ሁለት ወንድማማቾች በሦስተኛው ወንድማቸው ድርሻ ተጣልተው ሽማግሌ ቢያስታርቃቸውና ሦስተኛው ሳይጠራ ቢቀር ሸንጎው ጉዳዩን ዘጋ አይባልም፤ በአሜሪካ የሆነው ግን ይኸው ነው። ከባርነት ያመለጠው ታላቁ ተናጋሪ ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1878 የሙታን መታሰቢያ ቀን ባደረገው ንግግር፣ ለወደቁት ሁሉ ማዘን ተገቢ ቢሆንም በዚያ ጦርነት ትክክለኛና የተሳሳተ ወገን እንደነበረ መዘንጋት እንደማይገባ ያስጠነቀቀው ይህን አይቶ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው። በ1913 ከ50 ሺህ በላይ ሽማግሌ አርበኞች ከሁለቱም ወገን በጌቲስበርግ ተገናኝተው እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ፣ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንም ስለ ወንድማማችነታቸው ሲናገሩ፣ ጦርነቱ ስለ ምን እንደነበረ አልተነሣም ማለት ይቻላል። የእነዚያ ሽማግሌዎች መጨባበጥ ከልብ አልነበረም ለማለት ማስረጃ የለም፤ አንዱ የሌላውን ቁስል ያውቃል፣ እርስ በርስ ይቅር የመባባል ሥልጣንም ነበራቸው። ያልነበራቸው የሦስተኛውን ወገን ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን ነው።

ስለዚህ የአሜሪካ መልሶ ግንባታ የወደቀው ምሕረት ስለበዛ ወይም ስላነሰ ነው የሚለው የቆየ ሙግት በሁለቱም በኩል የተሳሳተ ይመስላል። ለጄፈርሰን ዴቪስ ነፍስ መራራትና ለኤዲስቶው ገበሬ መሬት መስጠት እርስ በርስ የሚጋጩ ነገሮች አልነበሩም፤ አንድ መንግሥት ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊያደርጋቸው ይችል ነበር። ግጭቱ የተፈጠረው ምሕረት ለበዳዩ ንብረቱን ጭምር ሲመልስ፣ የይቅርታውም ግዴታ በተበዳዩ ላይ ሲጫን ነው። የኤዲስቶ ሰዎች ይቅርታን ጨርሰው አልካዱም፤ ይቅር የሚባለው ሰው በደሉን እንዲያቆም ብቻ ጠየቁ፤ ይህም ከሚሽናውና ከወንጌሉ ትእዛዝ ያነሰ እንጂ የበለጠ ጥያቄ አይደለም።

ለዐመፁ መሪዎች የተደረገው ምሕረት ግን እስከ መጨረሻው ተሟልቷል። ጆንሰን በ1868 በልደት ቀን ለዐመፀኞች ሁሉ ሙሉ ምሕረት አወጀ፤ ምክር ቤቱ በ1872 ከ500 ገደማ ሰዎች በቀር ሥልጣን የመያዝ መብታቸውን መለሰላቸው፤ በ1975 የሮበርት ሊ፣ በ1978 ደግሞ የጄፈርሰን ዴቪስ ዜግነት ከሞቱ በኋላ በሕግ ተመለሰ። ስለ ባርነት ይቅርታ የጠየቀ ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት የተላለፈው በ2008፣ በሴኔቱ በ2009 ሲሆን፣ የሴኔቱ ውሳኔ በመንግሥት ላይ ለሚቀርብ ለማንኛውም የካሳ ጥያቄ ድጋፍ እንደማይሆን የሚገልጽ አንቀጽ ተጨምሮበታል።